የላሞች መጨንገፍና የጥጆች መሞት የጤና ጥበቃም ጉዳይ ስለ መሆኑ

አዲስ ቤት ለሠራ ሰው በአገራችን የሚሰጠው ምርቃት «እንቦሳ እሰሩ» የሚል መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የጥጃ መወለድ እንደዚህ ከፍ ያለ ምርቃት በሆነበት ሕዝብ ዘንድ፥ ላሚቱ ጽንስዋን በጣለች ጊዜ ወይም የተወለደው ጥጃ ሳምንት ሳይሞላው በሞተ ጊዜ ቤተ ሰቡ የሚሰማውን ሐዘን ማስረዳት አያስፈልግም። ነገር ግን ይህ ጉዳት እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ ስፍራ እንደ ባለቤቱ ዕድል ብቻ ሲቈጠር ይታያል። አንዳንዱ ዓይን በላት ይላል፤ ሌላው ሣሩ አልተስማማትም ይላል፤ ሦስተኛው ከሌላ ከብት ጋራ ተዋግታ ነው ይላል። ጭንጋፉም ወደ ገደል ይጣላል፥ ወይም ለውሻ ይሰጣል፤ ነገሩም በዚያው ይረሳል።

በዚህ ስለ ንጽሕና በሚወጣው ወርኃዊ ጽሑፋችን ላይ ስለ ከብት በሽታ ልንጽፍ ስናስብ፥ «ይህ የእንስሳት ሐኪሞች ሥራ ነው እንጂ የጤና ጥበቃ ሥራ አይደለም» ያሉን ወዳጆች አልታጡም። አሳባቸውን እናከብራለን፤ ዳሩ ግን አንስማማበትም። ላምን ከሚያስጨነግፉት ረቂቅ ተሐዋስያን መካከል ብዙዎቹ በላሚቱ ላይ ብቻ የሚቀሩ አይደሉም። ጭንጋፉን በባዶ እጁ ያነሣውን እረኛ፥ ወተቷን ያለበችውን የቤት እመቤት፥ ሳይፈላ የጠጣውን ሕፃን ይይዛሉ። የእንስሳት ሐኪሙ በረቱን፥ የሰው ሐኪሙም በሽተኛውን ብቻ እየተመለከቱ ካልተነጋገሩ፥ በሽታው ከበረት ወደ ቤት ሲገባ የሚያየው ሰው አይኖርም።

ከሁሉ አስቀድመን የምንናገረው ብሩሴሎሲስ ስለሚባለው የውርጃ በሽታ ነው። የዚህ በሽታ ምክንያት እንዴት እንደ ታወቀ ማንበብ ለሁላችንም የሚጠቅም ይመስለናል፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1887 ዴቪድ ብሩስ የተባለው የእንግሊዝ ጦር ሐኪም በማልታ ደሴት በትኩሳት ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ያወጣውን ተሐዋሲ አስታወቀ። ከ10 ዓመት በኋላ፥ በ1897፥ በርንሃርድ ባንግ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ ላሞችን የሚያስጨነግፈውን ተሐዋሲ አገኘ። ሁለቱ ተሐዋስያን የአንድ ወገን ዘመዳሞች መሆናቸውን ግን በዚያ ጊዜ የጠረጠረ አልነበረም። አንዱ የወታደሮች ትኩሳት፥ ሁለተኛው የላሞች ሕመም ነው ተብሎ እያንዳንዱ በየመጽሐፉ ተጻፈ።

ማልታዎች በዚያ ዘመን ወተት የሚገዙት ፍየሎቹ በየመንገዱ እየተነዱ በየደጃፉ ሲታለቡ ነበር። ፍየሎቹ ጤነኞች ይመስሉ ነበርና በሽታው ከእነርሱ ይመጣል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። በ1905 ተሚስቶክሊስ ዛሚት የተባለው የማልታ ተወላጅ ሐኪም የፍየሎቹን ደም መርምሮ ጤነኞች የሚመስሉት ብዙዎቹ በሽታው ያለባቸው መሆናቸውን አሳየ። በዚያው ዓመት ከማልታ ወደ አሜሪካ ፍየሎች ጭና በሄደች መርከብ ላይ የፍየሎቹን ወተት ከጠጡት መርከበኞች ብዙዎቹ በዚሁ ትኩሳት ታመሙ። በሚከተለው ዓመት ለወታደሮቹ የፍየል ወተት እንዳይሰጥ ቢከለከል፥ ሆስፒታሉን ይሞላ የነበረው ትኩሳት በጥቂት ወራት ውስጥ ከጦር ሠራዊቱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ወተቱን መጠጣት ያልተወው የአገሩ ሕዝብ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲታመም ኖረ። ዕውቀት ተገኝቶ ሳለ ለወታደሩ ብቻ ደርሶ ለድኻው ባለ ፍየል ሳይደርስ መቅረቱ ዛሬም ሊያሳስበን የሚገባ ነው።

የላሚቱና የወታደሩ ተሐዋስያን የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውን በ1918 ጽፋ ያስታወቀችው አሊስ ኢቫንስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ነበረች። ያልፈላ የላም ወተት ለሰው አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ስትናገር ብዙ ሊቃውንት አላመኑአትም፤ የወተት ነጋዴዎችም አልወደዱላትም። በ1922 እርስዋ ራስዋ በምርመራ ሥራዋ ላይ ሳለች በሽታው ያዛትና እየተመላለሰ ለብዙ ዓመታት አሠቃያት። ዘግይቶም ቢሆን እውነትዋ ተቀባይነት አገኘ፤ በ1928 የአሜሪካ የባክቴሪያ ሊቃውንት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች።

አሁን በሽታው በላሚቱ ላይ የሚሠራውን እንመልከት። ተሐዋሲው በብዛት የሚራባው በእርጉዝ ላም ማሕፀንና በእንግዴ ልጁ ውስጥ ነው። ላሚቱ ብዙውን ጊዜ ከአምስተኛው ወር በኋላ ትጨነግፋለች፤ እንግዴ ልጁም ሳይወርድ ይቈያል። በጭንጋፉ፥ በእንግዴ ልጁና ከማሕፀን በሚወርደው ፈሳሽ ውስጥ ያለው የተሐዋስያን ብዛት ሊቈጠር አይቻልም። ሌሎቹ ላሞች ያን ሲልሱ ወይም በዚያ የተበከለውን ሣር ሲግጡ በሽታው ይይዛቸዋል። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ስፍራ ላይ ተሐዋሲው ቶሎ ይሞታል፤ በጥላ፥ በእርጥበትና በፍግ ውስጥ ግን ለሳምንታትና ለወራት ሊቈይ ይችላል።

ይህ በሽታ ባለቤቱን የሚያታልልበት አንድ ጠባይ አለው። አንድ ጊዜ የጨነገፈች ላም በሚከተለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ደኅና ጥጃ ትወልዳለች። ባለቤቱም ድናለች ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን አልዳነችም፤ በየወለደች ቍጥር በማሕፀንዋ ፈሳሽ፥ ደግሞም በወተትዋ ተሐዋሲውን ታወጣለች። ከእርስዋ የተወለደችውም ጊደር አንዳንድ ጊዜ በሽታውን በሥጋዋ ይዛ ታድግና የመጀመሪያ ጽንስዋን እስክትጥል ድረስ ምንም ምልክት አታሳይም። ጕልበትዋ ያበጠ ላም ወይም ቈለጡ ያበጠ ኮርማ በመንጋው ውስጥ ቢታይ ሊጠረጠር ይገባል።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ነገር ለአንዳንዶች ቅር እንደሚያሰኝ እናውቃለን። ላሙ የጨነገፈችበት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ምንድር ነው? ጥቂት ሰንብቶ፥ ላሚቱ ደም ግባትዋ ሲመለስ፥ ወደ ገበያ አውጥቶ ይሸጣታል። ገዢውም የወተት ላም ያገኘ መስሎት ከጤነኞቹ ከብቶች ጋራ ይቀላቅላታል። በዚህ ዓይነት አንድ በረት ውስጥ ሊቀር ይችል የነበረው በሽታ በአንድ የገበያ ቀን ወደ ሌላ ወረዳ ይሻገራል። የወተት ምርታቸው ከፍ ያለ ድቅል ላሞች በየከተማው ዙሪያ በበዙበትና ብዙዎች ላሞች በአንድ ጣራ ሥር ተጠጋግተው በሚኖሩበት በዛሬው ጊዜ፥ የእንደዚህ ያለው ሽያጭ ጉዳት ከቀድሞው እጅግ የከፋ ነው። የበረቱ መጥበብ ለተሐዋሲው የተመቸ ነውና።

ሆኖም ሻጩን ብቻ መውቀስ ቀላል ነገር ነው። አንዲት ላም ያለችውን ገበሬ «ላምህ በሽተኛ ናትና ትታረድ» ብለን በባዶ እጁ የምናሰናብተው ከሆነ፥ ሁለተኛ ጊዜ ወደ እኛ የሚመጣ አይመስለንም፤ ጎረቤቱም አይመጣም። እኛ ትምህርታችንን በተከታተልንበት በውጭ አገር በሽታውን ያጠፉት ከብቶችን በመመርመርና በሽተኞቹን በማረድ መሆኑን ተምረናል። ነገር ግን የዚያ አገር መንግሥት ለታረደው ከብት ዋጋ ይከፍል ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ይህን ሥራ በ1934 ሲጀምር ለገበሬው ካሳ እየሰጠ ነው። አውስትራሊያም በ1989 ከላሞች የውርጃ በሽታ ነጻ መሆንዋን ለማሳወቅ የቻለችው ለብዙ ዓመታት ከደከመች በኋላ ነው። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ካሳ ሳይዘጋጅ የእርድ ትእዛዝ ማውጣት በሽታውን ይሸሽገዋል እንጂ አያጠፋውም። ይልቁንስ አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባው፥ በወተት ላም ሽያጭ ጊዜ የደም ምርመራ ወረቀት መጠየቅን ልማድ ማድረግ ነው። ይህን ልማድ ሊያስጀምሩ የሚችሉት ገዢዎች ናቸው። በሬ ሲገዛ ጥርሱን ከፍቶ፥ አካሄዱን አይቶ፥ ሽማግሌ አስመስክሮ የሚገዛ ሰው፥ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣባትን ላም የደም ምርመራ ሳያይ ስለምን ይገዛል?

የደም ምርመራው ብዙ ጊዜ የሚፈጅ አይደለም፤ ሮዝ ቤንጋል የሚባለው ፍተሻ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ውጤቱን ያሳያል። ይሁን እንጂ ላሚቱ በቅርብ ጊዜ የጨነገፈች እንደ ሆነች የመጀመሪያው ምርመራ ምንም ባያሳይም ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ መድገም ያስፈልጋል። በሽታው ከተገኘባት፥ ለወተት ከማቈየት ይልቅ አደልቦ ለእርድ ማዋል ጉዳቱን ያሳንሰዋል። በእርዱ ጊዜ አራጁ እጁን በጓንት ይሸፍን፤ ማሕፀኑ፥ ጡቱና ንፍፊቶቹ ይወገዱ፤ ሥጋውም በሚገባ በስሎ ይበላ። ከእንደዚህ ያለች ላም ጥሬ ሥጋ መቍረጥ ፈጽሞ አይገባም።

ክትባትም አለ። ለሴት ጥጆች ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ዕድሜያቸው የሚሰጠው፥ «ስትሬን 19» የሚባለው ክትባት በብዙ አገሮች እጅግ ጠቅሟል፤ በአገራችን ግን ገና በሰፊው አልተሠራበትም። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ተሐዋሲ ስለ ሆነ እርጉዝ ላምን ሊያስጨነግፍ፥ በመርፌ የተወጋውንም ሰው ሊያሳምም ይችላል፤ በመሆኑም ከሠለጠነ ሰው በቀር ሊነካው አይገባም።

መጨንገፍ ሁሉ ከውርጃ በሽታ ነው ማለታችን አይደለም። ረኃብ፥ ምትና መርዛም ቅጠልም ያስጨነግፋሉ። ከተላላፊዎቹም መካከል በኮርማው አማካይነት ከላም ወደ ላም የሚተላለፉ አሉ፤ እነዚህ ጽንሱን ገና በትንሽነቱ ስለሚያጠፉት ባለቤቱ መጨንገፍዋን ሳያይ «ላሚቱ አልያዘችም» እያለ ደጋግሞ ያስጠቃታል። ኮርማን ከመንደር መንደር ማዋስ የዚህ ምክንያት ነው፤ ከተመረመረ ኮርማ በተወሰደ ዘር በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል ይህን አደጋ ያስወግዳል። ሌፕቶስፒራ የሚባለው ተሐዋሲ በአይጥና በከብት ሽንት ይተላለፋል፤ ሰውንም ያሳምማል። በ1937 በአውስትራሊያ በቄራ ሠራተኞች ላይ የተገለጸው «ኪው» ትኩሳት የሚባለው በሽታ ደግሞ ከእንግዴ ልጅና ከጭንጋፍ ደርቆ በሚነሣ አቧራ በመተንፈስ ይይዛል። ከከባድ ዝናም በኋላ ብዙ በጎች፥ ፍየሎችና ላሞች በአንድ ጊዜ ቢጨነግፉና ግልገሎችና ጥጆች በብዛት ቢሞቱ፥ በ1930 ገደማ በኬንያ የታወቀው በትንኝ የሚተላለፈው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሊሆን ስለሚችል ያለ መዘግየት ለመንግሥት ማስታወቅ ይገባል።

ስለ ውሻም አንድ ቃል እንጨምራለን። ኒዮስፖራ የሚባል ጥገኛ ተሐዋሲ በ1988 ስም ተሰጥቶት ተገለጸ፤ ውሻ እንደሚያሠራጨው የተረጋገጠው ግን በ1998 ነው። ውሻው ጭንጋፉን ወይም እንግዴ ልጁን ይበላል፤ ከዚያም በድርቆሹና በውሃው አጠገብ ይጸዳዳል፤ ድርቆሹን የበላችው ላምም ትጨነግፋለች። ስለዚህ እንግዴ ልጅን ለውሻ መስጠት ለውሻው ደግነት፥ ለመንጋው ግን ጥፋት ነው።

እንግዲህ ላም በጨነገፈች ጊዜ ምን ይደረግ? ላሚቱ ከሌሎቹ ትለይ፤ ፈሳሽዋ እስኪደርቅና የምርመራው ውጤት እስኪታወቅ ድረስ ለብቻዋ ትቈይ። እርጉዝ ሴትና ሕፃን ወደ እርስዋ አይቅረቡ፤ ከነዚህ በሽታዎች አንዳንዶቹ የሴቲቱንም ጽንስ ሊያስጨነግፉ ይችላሉና። ጭንጋፉን የሚያነሣ ሰው ጓንት ያድርግ፤ ጓንት ከሌለው የላስቲክ ከረጢት በእጁ ላይ አጥልቆ ይሰር፤ አፍና አፍንጫውንም ይሸፍን። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቀርቦ የሚገኝ ከሆነ ከመቀበሩ በፊት ይየው። ከዚያ በኋላ ይቃጠል፥ ወይም ጅብ በማያወጣው ጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ ኖራ ተነስንሶበት ይቀበር፤ በላዩም ድንጋይ ይጫን። የተነካው ጕዝጓዝ አብሮ ይቃጠል፤ ስፍራውም በበረኪና ይታጠብ።

ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተትዋን እንዳትከለክል ሲባል የሞተውን ጥጃ ቆዳ ገፍፎ ገለባ ሞልቶ በፊትዋ ማቆም በብዙ አገር የታወቀ ብልሃት ነው። የአባቶቻችንን ዘዴ አናቃልልም፤ ላሚቱን የሚያውቅ ሰው ያወጣው ዘዴ ነው። ነገር ግን ከጨነገፈ ወይም በተቅማጥ ከሞተ ጥጃ የተገፈፈ ቆዳ ራሱ የበሽታ ዕቃ ይሆናል፤ ላሚቱ ትልሰዋለች፥ አላቢዋም በየቀኑ ትነካዋለች። ጥጃው በምን እንደ ሞተ ካልታወቀ ይህ ዘዴ ይቅር። እንዲሁም ሲወለድ የታፈነን ጥጃ ንፍጡን በአፍ እየሳቡ ማውጣት በንጹሕ ጨርቅና በጣት በመጥረግ፥ አፍንጫውንም በጭድ ነካ በማድረግ ሊተካ ይገባል።

በሰው ላይ በሽታው ሲገለጥ ትኩሳቱ ይመጣል፥ ይሄዳል፤ ሌሊት ብዙ ላብ ይመጣል፤ ወገብንና መገጣጠሚያን ያምማል፤ ሰውነት ይዝላል፤ ምግብ ይጠላል፤ መንፈስም ይጨነቃል። ከወባና ከታይፎይድ ጋራ ስለሚመሳሰል ብዙ በሽተኞች የእነዚህን መድኃኒት ደጋግመው ወስደው ሳይሻላቸው ይቀራሉ። በውጭ አገር ስንማር ያየናቸው የገጠር ሐኪሞች ትኩሳት ይዞት የመጣውን ገበሬ በመጀመሪያ ከሚጠይቁት ነገር አንዱ ስለ ከብቶቹ ነበር። በየጤና ጣቢያው ያሉ ባልደረቦቻችን ትኩሳቱ ያልለቀቀውን በሽተኛ «በዚህ ዓመት ከቤትህ የጨነገፈች ላም፥ ፍየል ወይም በግ ነበረችን? ወተቱን ሳታፈላ ትጠጣለህን?» ብለው ይጠይቁት ዘንድ አጥብቀን እናሳስባለን። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም። በሽታው ከተረጋገጠ ሁለት ዓይነት መድኃኒት በአንድነት ለ6 ሳምንት ያህል መውሰድ ያስፈልጋል፤ ትኩሳቱ በረደልኝ ብሎ በመካከል ያቋረጠ ሰው ሕመሙ ይመለስበታል።

ወተትን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። እስኪፈላ ድረስ ይጣድ። እርጎው ስለ ኰመጠጠ ተሐዋሲው ሞቷል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ወተቱን አፍልቶ፥ አብርዶ፥ ከዚያ በኋላ ማርጋት ይቻላል። ዓይብም ለብ ባለ እሳት ብቻ የተሠራ እንደ ሆነ አያስተማምንም። በሚገባ የተነጠረ ቅቤ ግን ከዚህ አደጋ የራቀ ነው። የፈላ ወተት ጣዕሙ ይጠፋል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፥ ጥቂት ይለወጣል።

በሕይወት ስለ ተወለደው ጥጃ ደግሞ እንናገር። የሰው ልጅ ገና በማሕፀን ሳለ ከእናቱ ደም በሽታ የሚከላከል ኀይል ይቀበላል። ጥጃ ግን የእናቱ እንግዴ ልጅ ይህን ስለማያሳልፍለት ያለ አንዳች መከላከያ ይወለዳል፤ መከላከያው ሁሉ የሚገኘው በእንገሩ ውስጥ ነው። የጥጃው አንጀት ይህን ሳይፈጭ ወደ ደሙ ሊያሳልፍ የሚችለው በተወለደባቸው የመጀመሪያ ሰዓቶች ነው፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ይዘጋል። ስለዚህ ከተወለደ በሁለት ሰዓት ውስጥ መጥባት ይጀምር፤ ከስድስት ሰዓትም አይለፍ። መጠኑ ከክብደቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ሲሆን፥ 25 ኪሎ ለሚመዝን ጥጃ ሁለት ሊትር ተኩል ማለት ነው። በአንዳንድ ስፍራ እንገሩ ጥጃውን ያስቀምጠዋል ተብሎ ይታለብና ይደፋል፤ ወይም ጣፋጭ ነውና ለቤተ ሰቡ ይቀቀላል። የሚተርፈውን ቤተ ሰቡ ይብላ፤ የመጀመሪያው ግን የጥጃው ድርሻ ነው። እንገር የተነፈገ ጥጃ ከተወለደ ሳምንት ሳይሞላው በተቅማጥ ሲሞት ምክንያቱ ሌላ ስፍራ ሲፈለግ ማየታችን ያሳዝነናል።

እትብቱም ወዲያው አዮዲን ይነከር፤ ተሐዋስያን በዚያ በኩል ገብተው መገጣጠሚያውን ያሳብጣሉና። ተቅማጥ የጀመረው ጥጃ የሚሞተው ውሃና ጨው ከሰውነቱ ስለሚያልቅ ነው። ስለሆነም ወተቱ ሳይከለከል፥ ለሕፃናት ተቅማጥ ከሚሰጠው ጋራ የሚመሳሰል የጨውና የስኳር ውሃ በቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር በየጊዜው ተከፋፍሎ ይሰጠው። ከገበያ የተገዛ የተሐዋስያን መድኃኒት ያለ ባለሙያ ምክር በአፉ መጨመር ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው፤ ከተቅማጡ ምክንያቶች መካከል ቫይረሶች አሉና፥ መድኃኒቱም ቫይረስን አይነካም።

በብዙ ቤቶች ጥጃው ከብርድና ከጅብ እንዲጠበቅ ሌሊቱን ከሰው ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ያድራል። ይህን በአንድ ጊዜ ለማስቀረት እንደማይቻል እናውቃለን። ነገር ግን ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው፥ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ዕድሜ ያላቸውን ጥጆች የሚያስቀምጠው ተሐዋሲ ሕፃናትንም እንዲሁ ያስቀምጣል፤ ምግብ ያነሰውንም ሕፃን እስከ ሞት ያደርሰዋል። ስለዚህ ጥጃው የሚያድርበት ስፍራ በግርግዳ ወይም በአጥር ይለይ፤ ፍጉ በየጧቱ ይውጣ፤ ጥጃውን የነካ ልጅ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራ አይቍረስ። ይህ ተሐዋሲ በበረኪና አይሞትምና ዕቃው በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ ከዚያም በፀሐይ ይድረቅ።